የሶፍትዌር ሰነድን ከቢልድ ጋር ማያያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ቡድኖች፤ ከመነሻው ጥያቄ ተነስቶ ወደሚያስቸግረው ይሄዳል።

ሰነድ ከቢልድ ጋር ይያያዝ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው ትእዛዝ (ቢልድ የሚባለው ይህ ነው) ሰነዱንም ይገንባ ማለት ነው። ከየፋንክሽኑ በላይ የሚጻፈውን ኮመንትና ከኮዱ ጎን በተራ የጽሑፍ ፋይል የተቀመጠውን መመሪያ አንድ መሣሪያ ያነብና ኤችቲኤምኤል ወይም ፒዲኤፍ አድርጎ ያወጣዋል። መሣሪያውን ሰው አስታውሶ አያስነሳውም፤ ሜክ፣ ሲሜክ፣ ሜቨን ወይም ግሬድል የሚባለው የቢልድ መሣሪያ በተራው ይጠራዋል። ሰነዱ ላይ ስህተት ካለ ደግሞ ኮዱ ኮምፓይል አልሆን እንዳለ ሁሉ ቢልዱ ይወድቃል።

ዋናው ነገር ይኸኛው ነው። ገጽ እያወጣ ስህተት ሲያይ ዝም የሚል ቢልድ ሥራውን ግማሽ ላይ ያቆመ ነው።

ዎርድ ላይ ጽፈን ፒዲኤፍ ብንልክ ምን ይጎድላል?

ደንበኛው ለሚፈርምበት ሰነድ ምንም አይጎድልም። ለኮድ ማብራሪያ ግን ዎርዱ ያለው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ኮዱ ሲቀየር እሱን አብሮ የሚያስቀይር ነገር የለም። የፋንክሽኑ ስም ተለውጦ መመሪያው የድሮውን ስም እንደያዘ ይቀራል። ሁለቱ በአንድ የጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) ማከማቻ ውስጥ ሲሆኑ ግን ኮዱን የቀየረው ኮሚት (አንድ የተመዘገበ ለውጥ) ሰነዱን መንካት አለመንካቱን ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሲስተም የሚተከልበት ቦታ ሁሉ ኢንተርኔት የለውም። አዘዞ ወዳለ መጋዘን ወይም ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ባለሙያ ይዞ የሚሄደው ፍላሽ ነው። ቢልዱ የመጫኛ ጥቅሉን ሲያዘጋጅ የዚያኑ ቨርዥን ኤችቲኤምኤል አብሮ ከጨመረለት፣ ባለሙያው ያለ ዳታ በብራውዘር ከፍቶ ያነባል።

የትኛውን መሣሪያ እንምረጥ?

የምትጽፉበት ቋንቋ ይወስንላችኋል። ጃቫ ከሆነ ጃቫዶክ ከጄዲኬው (ከጃቫ መሥሪያ ጥቅሉ) ጋር ስለሚመጣ ሌላ አትፈልጉ። ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ዶክሲጅን አለ። ለፓይተን ስፊንክስ ነው፤ ጌኦርግ ብራንድል በ2008 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ለራሱ ለፓይተን ቋንቋ ሰነድ ብሎ ነበር። ለታይፕስክሪፕት ታይፕዶክ፣ ለፒኤችፒ ፒኤችፒዶክመንተር፣ ለረስት ከካርጎ ጋር የሚመጣው ረስትዶክ ይሆናል።

ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን የቀላቀለ ፕሮጀክት ላይ፣ ዶክሲጅን የሚያወጣውን ኤክስኤምኤል ብሪዝ በሚባለው ማሟያ በኩል ለስፊንክስ ማቀበል ይቻላል። ይሠራል፤ ግን ሁለት መሣሪያና አንድ ድልድይ በተከታታይ ሳይሰናከሉ ማለፍ አለባቸው። ቡድኑ ሦስትና አራት ሰው ከሆነ ሁለት የተለያየ ሰነድ አውጥቶ በሊንክ ማገናኘቱ የተሻለ ነው።

ከየት እንጀምር?

ከአንድ ሞጁል ጀምሩ፤ ሌሎች የሚጠሩት፣ ጥያቄ የሚበዛበት ይሁን። መነሻ የቅንብር ፋይሉን መሣሪያው ራሱ ያወጣላችኋል፦ ዶክሲጅን በትንሿ «ጂ» አማራጭ፣ ስፊንክስ ደግሞ በክዊክስታርት ትእዛዙ። የሰነዱን ምንጭ በአንድ ፎልደር፣ የሚወጣውን ገጽ በቢልድ ፎልደሩ ውስጥ በሌላ አድርጉት፤ ሁለቱ ከተደባለቁ «ክሊን» ሲባል የተጻፈውም ይጠፋል። ዶክሲጅን ካላጠፋችሁት የላቴክ ፋይሎችንም አብሮ ያወጣል፤ ፒዲኤፍ የማትፈልጉ ከሆነ ያንን መስመር «ኖ» አድርጉት።

ከዚያ ቢልዱ ላይ «ዶክስ» የሚል አንድ ዒላማ (በስሙ የሚጠራ የቢልድ ሥራ) ጨምሩ። የመሣሪያውንና የገጽ ቴሙን (የገጹን መልክ የሚወስነውን) ቨርዥንም ቁርጥ አድርጋችሁ የሚያስፈልጉት ጥቅሎች በሚዘረዘሩበት ፋይል ላይ ጻፉ። ይህ ካልተደረገ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ንጹሕ የነበረው ቢልድ ሌላው ላይ በማታውቁት ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ይሞላል።

«ሜክ ዶክስ» ብለን ስናዝ ምንም ሳይሠራ ሁሉም የታደሰ ነው ይላል። ለምን?

«ዶክስ» የሚባል ፎልደር ስላላችሁ ነው። ሜክ የዒላማን ስም የሚያየው እንደ ፋይል ስም ነው፤ በዚያ ስም ፋይል ወይም ፎልደር ካገኘና ዒላማው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ከሌለ፣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዒላማውን ፎኒ በሚለው፣ ፋይል ያልሆኑ ዒላማዎች በሚጻፉበት ዝርዝር ውስጥ ጻፉት፤ ችግሩ በአንድ መስመር ያበቃል።

በየቢልዱ ሰነድ መገንባት ሥራ አያዘገይም?

ያዘገያል፤ ስለዚህ ፕሮግራመሩ በቀን ደጋግሞ ከሚያስኬደው ዋና ቢልድ ውስጥ አታስገቡት። ላፕቶፕ ላይ ለብቻው ሲጠራ ብቻ ይሂድ፤ የቡድኑን ቢልድ የሚያስኬደው ሰርቨር ላይ ግን በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት (ለግምገማ የቀረበ የኮድ ለውጥ) ግዴታ ይሁን። የሲሜክ የዶክሲጅን ትእዛዝ (ከ3.9 ጀምሮ አለ) በነባሪው ከዋናው ቢልድ ውጭ ነው፤ «ኦል» የሚለውን ቃል ካልጨመራችሁበት በራሱ አይነሳም።

ዶክሲጅን ከልክ በላይ ቆየ ካላችሁ መጀመሪያ የግራፍ ሥዕሎቹን ተመልከቱ። የጥሪና የተጠሪ ግራፍ ከተከፈተ ለእያንዳንዱ ፋንክሽን ግራፍቪዝ የሚባለው የሥዕል መሣሪያ ይጠራል። የክላስ ዝምድናውን ብቻ ትታችሁ ሁለቱን ዝጉ፤ ጊዜው በግልጽ ይቀንሳል። ስፊንክስ ደግሞ ያልተቀየረውን ገጽ ድጋሚ አያነብም፤ ይህን የሚያውቀው ዶክትሪ በሚባለው ፎልደር ስለሆነ በየጊዜው አትሰርዙት።

ምንም ካልተቀየረ ጭራሽ እንዳይነሳ ከፈለጋችሁ የማኅተም ፋይል ተጠቀሙ። ዒላማው ባዶ ፋይል ይሆናል፤ የሚጠብቀው የኮዱንና የሰነዱን ምንጭ ፋይሎች ይሆናል፤ የሰነዱ መሣሪያ በሰላም ሲጨርስ የመጨረሻው መስመር የዚያን ባዶ ፋይል ሰዓት «ታች» (touch) በሚባለው ትእዛዝ ያድሳል። ሲሜክ ከ3.16 ጀምሮ ይህን በራሱ አማራጭ ይሠራላችኋል።

ቢልዱ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይበላሻል?

ሁለት ነገር። አንደኛው በግማሽ የተጻፈ ፋይል ነው። ሜክ ትእዛዝ ሲከሽፍ የተጀመረውን ፋይል እንዲሰርዝ ማዘዝ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል ግን ሜክም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሰነዱን በጊዜያዊ ፎልደር ገንቡና ሁሉም ሲያልቅ ብቻ ስሙን ወደ ትክክለኛው ቀይሩት። በአንድ ዲስክ ላይ ስም መቀየር ቅጽበታዊ ስለሆነ የግማሽ ገጽ አይኖርም። ስፊንክስ መብራት ከመጣ በኋላ ግራ የሚያጋባ የፒክል ስህተት ካሳየ የዶክትሪ ፎልደሩን ብቻ ሰርዛችሁ ድጋሚ ገንቡ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሜክ ሥራ የሚለየው በፋይሎች ቀንና ሰዓት ነው፤ ዛሬ ያስተካከላችሁት ፋይል ከዓመታት በፊት የተጻፈ መስሎ ከታየው አይነካውም። የሰዓት መዛነፍ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ቅንብሩን ከመጎርጎር በፊት ባትሪውን ቀይሩ።

የወጣውን ኤችቲኤምኤል ጊት ውስጥ እናስገባው?

አታስገቡት። አንድ ኮመንት ሲቀየር ብዙ ገጽ አብሮ ስለሚቀየር የኮድ ግምገማው ይታፈናል፤ ሁለት ብራንች (ለየብቻ የሚሠራባቸው የኮድ ቅጂዎች) ሲዋሃዱም በማንም እጅ ባልተጻፈ ፋይል ላይ ግጭት ይፈጠራል። ፎልደሩን በጊትኢግኖር ፋይሉ ላይ ጻፉትና ሰርቨሩ ያውጣው።

ዋርኒንግ ቢልዱን ይጣለው ወይስ ይለፈው?

ይጣለው። የሚያልፍ ዋርኒንግ ማንም አያነበውም፤ ከመቶው መሃል አዲስ የተጨመረውን የሚለይ ዓይን የለም። ስፊንክስ ላይ ትልቁ «ደብልዩ» ዋርኒንግን ስህተት ያደርገዋል፤ ትንሿ «ኤን» ደግሞ መድረሻ የሌላቸውን ማጣቀሻዎች ሁሉ ታወጣለች። ዶክሲጅን ላይ ዋርኒንግን እንደ ስህተት የሚቆጥረው መስመር «የስ» ሲባል በመጀመሪያው ዋርኒንግ ይቆማል። «ፌይል ኦን ዋርኒንግስ» የሚለው ዋጋ ግን እስከ መጨረሻው ሄዶ ሁሉንም ዘርዝሮ ነው የሚወድቀው፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ከመጠበቅ ስለሚያድን እሱን ምረጡ።

ዶክሲጅን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ኤክስትራክት ኦል» የሚለው መስመር ከተከፈተ ኮመንት የሌላቸው ፋንክሽኖችም ገጹ ላይ ይወጣሉ፤ ሰነድ አልተጻፈላቸውም የሚለው ማስጠንቀቂያም ይጠፋል። ብዙ ቡድን ገጹ ባዶ እንዳይመስል ይከፍተውና ቢልዱ ንጹሕ ሆነ ብሎ ይደሰታል። ዝጉት፤ እውነተኛው ቁጥር ያኔ ነው የሚታየው።

የቆየ ፕሮጀክት ከሆነና ዋርኒንጉ በመቶዎች ከወጣ በአንድ ቀን ለማጽዳት አትሞክሩ። ያለውን ዝርዝር ደርድራችሁ በፋይል አስቀምጡ፤ ሰርቨሩ አዲሱን ዝርዝር ከዚያ ጋር እያስተያየ ያልነበረ መስመር ሲያገኝ ብቻ ይጣል። በዝርዝሩ ውስጥ የመስመር ቁጥር አታስቀሩ፤ ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ሁሉም አዲስ ይመስላል። ጃቫዶክም ከጃቫ 8 ጀምሮ ዶክሊንት በሚባለው ምርመራ ጥብቅ ስለሆነ ያለፈበት ኤችቲኤምኤል ያለው ኮመንት ቢልዱን ይጥላል። ምርመራውን ጠቅላላ ከመዝጋት፣ ሰነድ የጎደለበትን ክፍል ብቻ ለጊዜው አውጥቶ የአጻጻፍና የማጣቀሻ ስህተቱን መያዙ ይሻላል።

ሰነዱ ውስጥ ያለው ምሳሌ ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

አስኪዱት። ፓይተን ዶክቴስት የሚባል ከራሱ ጋር የሚመጣ መሣሪያ አለው፦ ኮመንቱ ውስጥ የተጻፈውን ጥሪ ያስኬድና የወጣውን መልስ ከሥሩ ከተጻፈው ጋር ያመሳክራል። ስፊንክስም ይህንኑ በዶክቴስት ማሟያው ያደርጋል፤ ረስት ደግሞ «ካርጎ ቴስት» ሲባል በሰነዱ ውስጥ ያለውን ምሳሌ በነባሪው ይፈትናል።

ፒያሳ አካባቢ ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል መያዣ ሲስተም የሚሠራ ቡድን እንውሰድ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ የሚለውጥ ፋንክሽን አለው፤ ኮመንቱም «ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ነው» ይላል። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀት በእርግጥ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነበር። የ2016ቱ ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆናለች፣ የ2016 መስከረም 1ም ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ኮመንቱን ያመነ ፕሮግራመር ሌላ ሞጁል ላይ 19ን በእጁ ቢጽፍ፣ በዘመነ ዮሐንስ ከተማው ሞልቶ አልጋ በማይገኝበት ሌሊት የእንግዳው ክፍል በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ምሳሌው በሁለቱም ዓመት ተጽፎ በዶክቴስት ቢሄድ ኖሮ ኮመንቱ ያለ ዓመት «19 ነው» ብሎ መቆም አይችልም ነበር። ለቀን፣ ለገንዘብና ለመለኪያ የሚሆኑ ምሳሌዎችን ስትጽፉ አንዱ ሁልጊዜ ከተለመደው የሚወጣው ይሁን።

ላፕቶፕ ላይ የሚገነባው ሰነድ ሰርቨር ላይ «ሞጁሉ አልተገኘም» ይላል።

የስፊንክስ አውቶዶክ ኮመንቱን የሚያነበው ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ከፍቶ አይደለም፤ ሞጁሉን በእውነት ኢምፖርት ያደርገዋል። ስለዚህ ኮዱ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ሰነዱ በሚገነባበት ቦታ መኖር አለባቸው። የካርድ ማንበቢያ ድራይቨር ዓይነት፣ ሰርቨሩ ላይ ሊጫን የማይችል ከሆነ በስፊንክስ ቅንብር ውስጥ የማስመሰያ ኢምፖርቶች ዝርዝር አለ፤ ስሙን እዚያ ጻፉት።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሞጁል ሲጫን ዳታቤዝ የሚከፍት ወይም ሥራ የሚጀምር መስመር ካለው፣ ሰነድ በተገነባ ቁጥር ያም ይሄዳል። እንዲህ ያለውን መስመር ወደ ፋንክሽን ውስጥ አስገቡት።

ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሰነዱ ቢልድ ይወድቃል። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ኔትወርክ የሚነካው የትኛው ደረጃ እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኢንተርስፊንክስ ነው፤ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሰነድ ሊንክ ለማድረግ የዚያን ፕሮጀክት የስም ዝርዝር ፋይል ከድረ ገጹ ያወርዳል። ፋይሉን አንዴ አውርዳችሁ ማከማቻችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቅንብሩ የአካባቢ ፋይል መንገድ ይቀበላል። ጃቫዶክም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርግ የኦፍላይን ሊንክ አማራጩን ተጠቀሙ።

ሁለተኛው የጥቅሎች ማውረድ ነው። ፒፕ (የፓይተን ጥቅል ጫኝ) የሚፈለገውን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር እንዲያወርድ አድርጉ፤ ፎልደሩን በቢሮው ኔትወርክ ላይ አጋሩ፤ ከዚያ በኋላ ማውጫ ሳይጠይቅ ከዚያው ፎልደር ብቻ እንዲጭን እዘዙት። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም ዳታ ሳያወጣ ሥራ ይጀምራል። ሜቨን አንዴ ሁሉን ካወረደ በኋላ በኦፍላይን አማራጩ ይሄዳል።

ሦስተኛው የሊንክ ፍተሻ ነው። የውጭ ድረ ገጽ ዛሬ አለመከፈቱ የእናንተ ኮድ ጥፋት አይደለምና ፑል ሪኩዌስት አያግድ። ሌሊት ወይም በሳምንት አንዴ ለብቻው አስኪዱት።

አማርኛው ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ኢንኮዲንጉ (ፊደል በቁጥር የሚመዘገብበት ሥርዓት) ተበላሽቷል፤ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ለመጀመሪያው፦ ከጄዲኬ 18 በፊት ጃቫ ፋይል የሚያነበው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነባሪ ኢንኮዲንግ ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ኮመንት የሚጠፋው ለዚህ ነው። በሜቨን ፋይሉ ላይ የምንጭ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ።

ለሳጥኑ፦ ኤችቲኤምኤሉ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ከገጹ ጋር አብሮ እንዲሄድ አድርጉ፤ በአንባቢው ስልክ ላይ አትተማመኑ። ፒዲኤፍ ሲሆን የስፊንክስ ነባሪ ፒዲኤፍላቴክ ግዕዝ ፊደል አይችልም፤ ሞተሩን ወደ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ ቀይሩና ዋናውን ፎንት በስም ጥቀሱ። ፎንቱ ቢልዱ በሚሄድበት ሰርቨር ላይም መጫን አለበት። የኮድ ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ የሚወጣው በሌላ ፎንት ስለሆነ ዋናው ተስተካክሎ እዚያ ብቻ ሳጥን ሊቀር ይችላል፤ ያንንም ለይታችሁ መድቡለት።

የፍለጋ ሳጥኑ የአማርኛ ቃል አያገኝም።

የስፊንክስ ፍለጋ የአማርኛን ሰዋስው ስለማያውቅ ነው። ለእንግሊዝኛ ቃልን ወደ ሥሩ የሚመልስ ስልት አለው፤ «ከክፍሎቹ» እና «ክፍል» አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ግን የሚነግረው የለም። በዚህ ላይ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱ ጸሐፊ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ካለ አንባቢው ግማሹን ገጽ አያገኝም።

ቀላሉ መፍትሔ የቡድኑን አጻጻፍ በአጭር የቃላት ዝርዝር መወሰንና ከዝርዝሩ የወጣውን የሚያሳይ ትንሽ ስክሪፕት ከሰነዱ ቢልድ በፊት ማስኬድ ነው። ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ ስፊንክስ የራስ የፍለጋ ቋንቋ ለመጨመር በር ይከፍታል፤ ሞክሼ ፊደላቱን በሰባቱም ቤት ወደ አንድ የሚመልስ ክላስ ጽፋችሁ ታስመዘግባላችሁ። ይህ ለውጥ ማውጫው ሲሠራም አንባቢው ሲፈልግም እኩል መተግበር አለበት፤ ስለዚህ አንዱ በፓይተን፣ ሌላው በጃቫስክሪፕት ይጻፋል። በአንዱ ብቻ ከተደረገ ፍለጋው ከበፊቱ ይብሳል።

ጊትሃብ ፔጅስ (የጊትሃብ የድረ ገጽ ማስቀመጫ) ላይ ስንጭነው ቀለሙም አቀማመጡም ጠፋ።

ስፊንክስ የገጹን ማስዋቢያ የሚያስቀምጠው ስሙ በሥር ሰረዝ በሚጀምር ፎልደር ነው፤ ብራንች ላይ የተጫነን ገጽ የሚያቀናብረው ጄኪል ደግሞ በሥር ሰረዝ የሚጀምረውን ይዘላል። «ኖጄኪል» የሚባለውን በነጥብ የሚጀምር ባዶ ፋይል በድረ ገጹ ዋና ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፤ የስፊንክስ የጊትሃብ ፔጅስ ማሟያ ይህን በራሱ ያደርገዋል።

የድሮውን ቨርዥን የሚጠቀም ደንበኛ የትኛውን ሰነድ ያንብብ?

የራሱን። ሰነዱ ላይ የሚወጣው የቨርዥን ቁጥር በእጅ አይጻፍ፤ ቢልዱ ከጊት ታጉ (ለቨርዥኑ ከተሰጠው ምልክት) ያንብበውና ለኮዱም ለሰነዱም አንዱን ቁጥር ይስጥ። ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ታግ የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ ዋናው ብራንች ደግሞ «በሥራ ላይ ያለ» የሚል ምልክት ከገጹ አናት ይለጠፍበት። የተለቀቀን ቨርዥን ፎልደር ድጋሚ አትጻፉበት፤ እርማት ካስፈለገ አዲስ ታግ አውጡ።

አንድ ታግ ሁለት ጊዜ ሲገነባ ውጤቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከፈለጋችሁ የዶክሲጅንን የገጽ ሰዓት ማኅተም ዝጉ፤ «ሶርስ ዴት ኢፖክ» የሚባለውንም የአካባቢ ተለዋዋጭ የመጨረሻውን ኮሚት ጊዜ ስጡት፤ ስፊንክስ የዛሬን ቀን ትቶ እሱን ይጠቀማል። ያኔ ደንበኛው እጅ ያለውን ፎልደርና እናንተ አሁን የገነባችሁትን በፋይል ማወዳደሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ የሚያነበው የትኛውን ቨርዥን እንደሆነ በስልክ ሳትጠይቁት ታውቃላችሁ።